በክንድ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ

በድሬዳዋ ከተማ ማንቆርቆሪያ የሚያጥብ ሰው ከውስጡ ነጭ ቅርፊት ቢያገኝ አዲስ ነገር አይሆንበትም። የከተማዪቱ ውሃ፣ የሳቢያንን ጨምሮ፣ ከከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚሳብና በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ካልሲየም የበዛበት ነው። ይኸው ካልሲየም በቧንቧ ግድግዳ ላይ ከዓመት ወደ ዓመት እየተደረበ ቀዳዳውን ያጠብበዋል፤ አንድ ቀንም ውሃው ጭራሹን ይቆማል። የተጠራው የቧንቧ ሠራተኛ መንገዱን የዘጋውን ፍርፋሪ ብቻ ጠርጎ፣ የጠበበውን ቦታ ሳይነካ ቢሄድ፣ ቧንቧው ሰንብቶ ተመልሶ መዘጋቱ አይቀርም። ይህ በውሃ ሥራ ላይ ለተሰማራ ባለሙያ የዘወትር ገጠመኝ ነው። ቧንቧው በሰው ክንድ ውስጥ የተቀበረ፣ የሚፈሰውም ደም በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል።

ኩላሊቶቹ ሥራቸውን ያቆሙበት ሰው በሕይወት ለመቆየት ደሙ ከአካሉ ወጥቶ፣ በማጣሪያ ውስጥ አልፎ፣ ታጥቦ ሊመለስለት ያስፈልጋል። ይህም በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለአራት ሰዓት ያህል የሚፈጸም ነው። መሣሪያው በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ደም ይስባል። ደም ወደ ልብ የሚመለስባቸው የክንድ ሥሮች፣ ማለት ደም መልሶቹ፣ ይህን ያህል ሊሰጡ አይችሉም፤ ከልብ የሚወጣውን የሚያደርሱት ደም ቅዳዎች ደግሞ ጥልቅ ናቸው፤ በየሁለት ቀኑ በወፍራም መርፌ ሊወጉም አይገባም። ስለሆነም ሐኪሞች ደም ቅዳውን ከደም መልስ ጋር የሚያገናኝ መስመር መሥራት ነበረባቸው። የዚህ መስመር ታሪክ ከሞላ ጎደል የመዘጋቱና የመከፈቱ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ዲያሊሲስ» የሚለውን ቃል በ1861 በሥራ ላይ ያዋለው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም ነው። ደምን በዚህ ዘዴ ለማጣራት የመጀመሪያውን መሣሪያ በ1913 የሠሩት ግን በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት ጆን ጄኮብ ኤብልና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሙከራውም በእንስሳት ላይ ነበር። ገና ከመነሻው ያጋጠማቸው እንቅፋት የደም መርጋት ነበር። ደም ከሥሩ ወጥቶ ባዕድ ነገር በነካ ጊዜ ይረጋል፤ የረጋ ደም ደግሞ ማጣሪያውን ይዘጋል። መፍትሔ ያገኙት ከአልቅት ነው። ከብቱን ምንጭ ወርዶ ያጠጣ ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አልቅት የነከሰው ቦታ ደሙ ቶሎ አይቆምም፤ በምራቋ ውስጥ ሂሩዲን የተባለ፣ ደምን ከመርጋት የሚከላከል ነገር አለና። ጀርመናዊው ሐኪም ጌኦርግ ሃስ በ1924 በጊሰን ከተማ በሰው ላይ የመጀመሪያውን እጥበት ሲፈጽም የተጠቀመውም በዚሁ ሂሩዲን ነበር። ይሁንና ከአልቅት የሚገኘው መድኃኒት ንጹሕ ባለመሆኑ በሽተኛውን ይጎዳ ነበር። በ1916 በጆንስ ሆፕኪንስ የተገኘው ሄፓሪን በ1930ዎቹ ተጣርቶ ለሰው እስኪደርስ ድረስ ሥራው እምብዛም ወደ ፊት አልተራመደም።

ዊለም ኮልፍ የተባለው ሆላንዳዊ ሐኪም ሀገሩ በጀርመን ጦር በተያዘችበት ዘመን፣ በካምፐን ከተማ፣ የሰው ሠራሽ ኩላሊቱን የገነባው በእጁ ካገኘው ዕቃ ነው። ማጣሪያው ለቋሊማ መጠቅለያ የሚሆን ሴሎፌን ነበር፤ ይህንንም በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ጠመጠመው። ደሙ ከቆመው ቱቦ ወደሚዞረው ከበሮ ሳያፈስ የሚተላለፍበትን ማያያዣ ሐሳብ የወሰደው ከፎርድ አውቶሞቢል የውሃ ፓምፕ ነው። ገንዳውን እንዲያገኝ የረዳው የከተማው የኢናሜል ፋብሪካ ነበር። በመጋቢት 1943 ወደ እርሱ የቀረበችው የ29 ዓመት ሴት ደሟ በታጠበ ቁጥር እየተሻላት ይሄድ ነበር። ነገር ግን በየጊዜው አዲስ የደም ሥር መቅደድ አስፈላጊ ስለነበረ፣ ከ12 እጥበት በኋላ መርፌም ቱቦም የሚገባበት ሥር አለቀ። መሣሪያው ደህና እየሠራ ሳለ በሽተኛዪቱ ሞተች። የኮልፍ መሣሪያ ከሞት ያዳናት የመጀመሪያዋ ሰው፣ የ67 ዓመት አሮጊት፣ የተገኘችው በመስከረም 1945 ነው። የእርስዋም ኩላሊት የታመመው ለጊዜው ብቻ ነበርና እጥበቱ እስኪያገግም ድረስ ያሻገራት ድልድይ ነበር። ኩላሊቱ ለዘለቄታው ለጠፋ ሰው የሚሆን መንገድ ገና አልተገኘም ነበር።

ይህን በር የከፈቱት የሲያትሉ ሐኪም ቤልዲንግ ስክሪብነርና የሆስፒታሉን የመሣሪያ ወርክሾፕ ይመራ የነበረው ዌይን ኩዊንተን ናቸው። ስክሪብነር ያሰበው አንድ ቱቦ በደም ቅዳ፣ አንድ ቱቦ በደም መልስ ውስጥ በቋሚነት ተቀብሮ፣ እጥበት በሌለበት ጊዜ ሁለቱ ከቆዳ ውጭ በቅስት ቱቦ ተያይዘው ደሙ ያለማቋረጥ እንዲፈስባቸው ነበር። ደም ካልቆመ አይረጋም የሚል ሐሳብ ነው። የሚያስፈልገው ደምን የማያጣብቅ ቁስ ነበር፤ እርሱም በ1938 በዱፖንት ኩባንያ ውስጥ በድንገት የተገኘው ቴፍሎን ሆነ። ኩዊንተን ቴፍሎኑን በእሳት እያለሰለሰ ወደሚፈለገው ቅርጽ አጎበጠው። በመጋቢት 9 ቀን 1960 ቱቦው የተተከለለት የመጀመሪያው ሰው የቦይንግ አውሮፕላን ፋብሪካ ማሽኒስት ነበር፤ ከዚያም በኋላ 11 ዓመት ኖረ። በሕክምና ታሪክ መጻሕፍት የሐኪሙ ስም ጎልቶ ሲጻፍ ቱቦውን ያጎበጠው ሰው ስም በግርጌ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው፤ ያለ እርሱ ሐሳቡ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር።

የሲያትል ቱቦ ግን ከቆዳ በላይ የሚታይ ነበርና ይቆሽሻል፣ ይመግላል፣ ይነቀላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይዘጋል። በዚያን ጊዜ የሚደረገው ሕክምና ቀላል ነበር፦ ሁለቱ ቱቦዎች ተለያይተው የረጋው ደም በሲሪንጅ ይሳባል፤ ሄፓሪን በተቀላቀለበት የጨው ውሃም ይታጠባል። በ1963 ቶማስ ፎጋርቲ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያገለግል መሣሪያ በጽሑፍ አስተዋወቀ። ይኸውም በጫፉ ትንሽ ፊኛ ያለበት ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ ፊኛው ሟሽሾ በረጋው ደም ውስጥ ዘልቆ ካለፈ በኋላ ይነፋና ወደ ኋላ ሲጎተት ደሙን ጠርጎ ያወጣል። የመጀመሪያው ፊኛ ከቀዶ ጥገና ጓንት ጣት ተቆርጦ የተሠራ ነው። ጎማውን ከቱቦው ጋር የሚያጣብቅ ሙጫ ስላልተገኘ፣ ፎጋርቲ ከልጅነቱ በዓሣ ማጥመድ በለመደው የክር አስተሳሰር አሰረው።

በ1966 በኒው ዮርክ የነበሩት ብረሽያ፣ ቺሚኖና ባልደረቦቻቸው ቱቦውን ጭራሹን አስቀሩት። በእጅ አንጓ አጠገብ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር በቀጥታ ሰፉት፤ ከሳምንታት በኋላ ደም መልሱ ከልብ በሚመጣው ግፊት ሰፍቶና ግድግዳው ወፍሮ በመርፌ ለመወጋት የሚመች ሆነ። ፊስቱላ የሚባለው ይህ መስመር ከሰውየው የራሱ ሥጋ የተሠራ ስለሆነ ብዙ አይመግልም፤ የመዘጋቱም ነገር ያነሰ ነው። እስከ ዛሬም ድረስ ለሚስማማው ሰው ከሁሉ የተመረጠው እርሱ ነው። ነገር ግን ሁሉ ሰው እንዲህ ዓይነት ሥር አይኖረውም። በእርጅና፣ በስኳር በሽታ፣ ወይም በተደጋጋሚ መርፌ ሥሩ የጠፋበት ሰው አለ። ለእነዚህ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ማበጀት ግድ ሆነ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ሽመና ቤት ይገባል፤ እንደ ድሬዳዋ ባቡርና ጨርቃ ጨርቅ ላሳደጉት ከተማ ይህ ክፍል ልዩ ጣዕም ይኖረዋል። አርተር ቮርሂስ የተባለው ሐኪም በ1947 በውሻ ልብ ውስጥ የቀረ አንድ የሐር ክር ከጊዜ በኋላ በለስላሳ ሕዋስ ተሸፍኖ አገኘ። ክር የሚሸፈን ከሆነ ከክር የተሠራ ጨርቅም ይሸፈናል ብሎ አሰበና በ1952 ከጨርቅ ስለተሠራ የደም ቧንቧ ጽሑፍ አወጣ። የሂውስተኑ ማይክል ዲቤኪም ከመደብር በገዛው የዳክሮን ጨርቅ ላይ በቤቱ የልብስ ስፌት መኪና ቧንቧ ሰፍቶ ሞከረ። ጨርቁ ለትልልቆቹ የደም ሥሮች ጥሩ ሆነ፤ ለክንዱ ጠባብ መስመር ግን አልተሳካም። ከእግር የተወሰደ የሰውየው የራሱ ደም መልስም፣ ታጥቦ የተዘጋጀ የበሬ አንገት ደም ቅዳም ተሞክረዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የበለጠው ቁስ የተገኘው በንዴት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቦብ ጎር በ1969 የጋለ የቴፍሎን ዘንግ በዝግታ እየሳበ ለማስረዘም ደጋግሞ ሞክሮ ሁልጊዜ ይበጠስበት ነበር። አንድ ቀን ግን ተስፋ ቆርጦ በኃይል ነጠቀው፤ ዘንጉም ሳይበጠስ ብዙ እጥፍ ረዘመ። በዚህ መንገድ የተለጠጠው ቴፍሎን አብዛኛው ይዘቱ አየር የሆነ፣ በጥቃቅን ክሮች የተሳሰረ ቁስ ነው፤ ሥጋ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ይይዘዋል፤ ደም ግን አያፈስም። በ1976 ቤከርና ባልደረቦቹ ከዚህ ቁስ የተሠራን ቧንቧ ከክንድ ቆዳ ሥር ቀብረው ለእጥበት አዋሉት። የተለመደው ቧንቧ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ አንዱ ጫፉ ከደም ቅዳ፣ ሌላው ከደም መልስ ጋር ይሰፋል።

ይህ ቧንቧ ለምን እንደሚዘጋ ለመረዳት አንድ ሐኪም ያገኘውን፣ መሐንዲሶች ግን የራሳቸው አድርገው የያዙትን ሕግ ማስታወስ ይጠቅማል። ፈረንሳዊው ዣን ፑዋዜይ የደምን አካሄድ ለማወቅ ሲል በ1840ዎቹ በቀጫጭን የመስተዋት ቱቦዎች ፈሳሽ እያሳለፈ ባደረገው ምርመራ፣ የቱቦው ስፋት በግማሽ ሲቀነስ ተቃውሞው አሥራ ስድስት እጥፍ እንደሚያድግ ደረሰበት። እንግዲህ ከቧንቧው መጨረሻ፣ ከደም መልሱ ጋር በተሰፋበት ቦታ፣ ደሙ ከጠንካራ ቧንቧ ወጥቶ ወደ ለስላሳ ሥር ይገባል። በዚህ መጋጠሚያ ላይ ደሙ ይሽከረከራል፤ የሥሩንም ግድግዳ ያለ ልማዱ ይገርፈዋል። ሥሩም ለዚህ ጥቃት የሚሰጠው መልስ መወፈር ነው፤ የግድግዳው ሕዋሳት ወደ ውስጥ ይራባሉ፤ 6 ሚሊ ሜትር የነበረው መተላለፊያ 3 ይሆናል፤ ከ3ም ያንሳል። ደህና የነበረ ጊዜ በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል ያሳልፍ የነበረው መስመር ቀስ በቀስ ይደክማል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከመረጋት ምክንያቶች መካከል የደም መዘግየትንና የሥር ግድግዳ ጉዳትን አስቀምጦ ነበር፤ እዚህ ሁለቱም ተገናኝተዋል። ከዚያ በኋላ ምክንያቱ ትንሽ ቢሆን ይበቃል፦ በእጥበት ላይ የደም ግፊት መውረድ፣ ክንድን ተንተርሶ መተኛት፣ ጠባብ እጅጌ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቆላ ደግሞ ላብና የሰውነት ውሃ መጉደል ግፊቱን ሊያወርዱት ስለሚችሉ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሊገቡ ይገባል። ስለዚህ የረጋው ደም የበሽታው መጨረሻ እንጂ መነሻ አይደለም።

ይህን ለመቀበል ግን ሕክምናው ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። መጀመሪያ ላይ ቀዳጅ ሐኪሙ ቧንቧውን በትንሹ ቀድዶ የፎጋርቲን ፊኛ ያስገባል፤ የረጋውን ደም ጠርጎ ያወጣል፤ ቀዳዳውን ሰፍቶ በሽተኛውን ያሰናብታል። የማንቆርቆሪያውን ቅርፊት ያየ ሰው የዚህን ውጤት አስቀድሞ ሊገምት ይችላል። መጋጠሚያው በጠበበ ቁጥር መስመሩ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ዶተር በ1964 የጠበበ የደም ሥርን ያለ ቀዶ ጥገና በቱቦ ማስፋት እንደሚቻል ካሳየና አንድሬያስ ግሩንትሲግ በ1974 በዙሪክ ጠንካራውን ፊኛ ከሠራ በኋላ ግን መጋጠሚያውን ከውስጥ ማስፋት ተቻለ።

በዚሁ ጊዜ የረጋ ደምን በመድኃኒት ማሟሟትም እየተለመደ መጣ። በ1933 ከተሕዋስያን የተገኘው ስትሬፕቶኪናዝ ቀዳሚው ሲሆን፣ በሽተኛው እንዲደማና አለርጂ እንዲይዘው ያደርግ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ዩሮኪናዝ ነው። የዚህ መድኃኒት አመጣጥ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም፦ መጀመሪያ የተገኘው ከሰው ሽንት ነው። ሽንት መሽናት ያቆመ ሰው መስመሩ የሚከፈትለት ጤነኛ ኩላሊት ባወጣው ነገር መሆኑ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቡክስታይንና ቫልጂ በሳን ዲዬጎ መድኃኒቱን በብዙ ቀዳዳ ባለው ቱቦ በግፊት እየረጩ በረጋው ደም መሐል ማዳረስ ጀመሩ፤ ሰዓታት ይፈጅ የነበረውም ሥራ እጅግ አጠረ። በጥር 1999 የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በዩሮኪናዝ አሠራር ላይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ፣ ሐኪሞች አልቴፕላዝ ወደሚባለውና ደሙን ፈጭተው ወደሚያወጡ መሣሪያዎች ዞሩ።

ዛሬ ሥራው በጥቅሉ እንዲህ ይከናወናል። ሁለት መርፌዎች በቧንቧው ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ይገባሉ፤ አንዱ ወደ ደም መልሱ፣ ሌላው ወደ ደም ቅዳው ያመለክታል። የረጋው ደም በመድኃኒት ይሟሟል ወይም በመሣሪያ ይፈጫል። የደም መልሱ መጋጠሚያ በጠንካራ ፊኛ ይሰፋል። በደም ቅዳው በኩል ደግሞ መድኃኒት የማይበግረው ጠንካራ ቡሽ የሚመስል ትንሽ ጉብታ ይቀራል፤ ይህ ካልወጣ ደም አይገባምና በፎጋርቲ ፊኛ ተጎትቶ ይወጣል። በቸልታ የሚሠራ እጅ ይህን ቡሽ ወደ መዳፍ ደም ቅዳዎች ሊገፋው ይችላል። ፍርፋሪው ወደ ሳንባ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። የመገለ ቧንቧ ግን በዚህ መንገድ አይከፈትም፤ መግሉ በደም ውስጥ ይሠራጫልና።

ውጤቱ የሚያኮራ ነው ለማለት ያስቸግራል። በ2009 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አዲስ ቧንቧ ከተተከለላቸው መካከል ያለ ምንም ጥገና ዓመት የዘለቀው መድኃኒት ካልተሰጣቸው 23 በመቶ፣ አስፒሪንና ዲፒሪዳሞል ከተሰጣቸው 28 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በ2010 መጋጠሚያውን በቴፍሎን በተሸፈነ የብረት ወንፊት መደገፍ ከፊኛ ብቻ የተሻለ መሆኑ ተጽፏል። ቧንቧው ከመዘጋቱ በፊት መድከሙን ለማወቅም ብዙ ተደክሟል። ኒኮላይ ክሪቪትስኪ በ1995 ያቀረበው ዘዴ ለመሐንዲስ ዓይን እጅግ ያማረ ነው፤ የመሣሪያው ሁለት ቱቦዎች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ የጨው ውሃ ይጨመራል፣ ተመልሶ ከሚመጣው መጠን የመስመሩ ፍሰት ይሰላል። በ1997 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ የቧንቧው ፍሰት በደቂቃ ከ600 ሚሊ ሊትር ሲያንስ ምርመራ እንዲደረግ አዝዞ ነበር። ይሁን እንጂ ኋላ የተደረጉት ጥናቶች በመሣሪያ አዘውትሮ መለካት የቧንቧውን ዕድሜ ማስረዘሙን አጥጋቢ በሆነ መንገድ አላረጋገጡም፤ የ2019 መመሪያም ወደ ሐኪሙ እጅና ጆሮ አዘነበለ።

በኢትዮጵያ ለዘለቄታው የሚሰጠው የደም እጥበት በ2001 በአዲስ አበባ ቅዱስ ገብርኤል ሆስፒታል የጀመረ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተፈጽሟል። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ 515 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ያለበት ሰው ይህን መንገድ እየተመላለሰ ሊኖር እንደማይችል ለማወቅ ስሌት አያሻም። መስመሩ ተዘግቶበት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የሚከፍትለት ያጣ ሰውም ቀጣዩ እጥበቱ በአንገቱ በሚገባ ጊዜያዊ ቱቦ ይሆናል፤ ይህም ለመመገል ከሁሉ የቀረበ ነው።

በዚህ ከተማ የእጥበት ክፍል ለሚያቋቁም ወይም ለሚያስፋፋ መሐንዲስ ከመስመሩ ሌላ ሁለት ነገሮች ከፊቱ ይቆማሉ። አንዱ ያው የማንቆርቆሪያው ኖራ ነው። ማጠቢያው ፈሳሽ በደቂቃ ግማሽ ሊትር የሚፈስ በመሆኑ አንድ ሰው በአራት ሰዓት ውስጥ ከ120 ሊትር ውሃ ጋር ይገናኛል፤ በ1967 የተጻፈ አንድ የሕክምና ዘገባ ካልሲየሙ ያልወጣለት ውሃ ሲገባ በሽተኞች በማቅለሽለሽ፣ በትውከትና በደም ግፊት መናር እንደተሠቃዩ ገልጿል። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። ፓምፑ በቆመ በደቂቃዎች ውስጥ ከአካል የወጣው ደም በቱቦው ውስጥ መርጋት ይጀምራል፤ ስለዚህም በፓምፑ ላይ የእጅ ማዞሪያ ይደረጋል። ነርሷ መብራቱ እስኪመለስ ድረስ ወይም ደሙ ወደ ባለቤቱ ተመልሶ እስኪያልቅ በእጇ ታዞራለች።

ቧንቧው ከውጭ በውድ የሚመጣ፣ ሲዘጋም የሚከፍተው ባለሙያ የማይበዛ በመሆኑ፣ ኩላሊቱ እየደከመ መሆኑ የታወቀ ሰው የክንድ ሥሮቹ አስቀድመው ሊጠበቁለት ይገባል፤ ደም የሚቀዳውና ጉሉኮስ የሚሰቀለው ከእጁ ጀርባ ቢሆን ፊስቱላ የሚሠራበት ሥር ይተርፋል። ቧንቧ የተተከለለት ሰው ደግሞ በየማለዳው ሌላውን እጁን በክንዱ ላይ ያሳርፋል። ደሙ በመስመሩ ሲሮጥ ከጣቶቹ ሥር እንደ ድመት ማንኮራፋት ያለ ንዝረት ይሰማዋል። ንዝረቱ ቀርቶ እንደ ልብ ትርታ ብቻ የሚመታ ከሆነ ከፊት ለፊቱ የጠበበ ቦታ አለ ማለት ነው። ጸጥ ያለ እንደሆነ መስመሩ ተዘግቷል፤ የእጥበቱን ቀን ሳይጠብቅ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።